ጉሮሮው ከታመመ በኋላ ፊቱ ያበጠ ልጅ፦ የኩላሊት ብግነትን ደረጃ በደረጃ መለየት

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ሽንቱ ቀልቶ መጣ። የላብራቶሪው ወረቀት «ብዙ ቀይ ሴል፣ ከ10 እስከ 15 ፐስ ሴል» (ነጭ የደም ሴል) ይላል። የሽንት ኢንፌክሽን ነው ብዬ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ ጻፍኩለትና ሸኘሁት። በማግስቱ ዓይኑ ሲያብጥ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ «አለርጂ ነው» ተብሎ መርፌ ተወጋ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ተሸክማው ገባች፤ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የደም ግፊቱን ያኔ ነው የለካሁት፦ 160 በ110። ካርዱን ወደ ኋላ ሳገላብጥ የግፊቱ ቦታ ባዶ ነው። ባዶውን የተውኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ድኗል። ስህተቱ ግን በሌሎች እጅ ሲደጋገም አያለሁና መመሪያው በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። ወላጆች ደረጃ 1ን፣ ደረጃ 2ንና ደረጃ 8ን አንብቡ፤ ሕክምናውን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ።

በዋርድ «ኤጂኤን» (አኪዩት ግሎሜሩሎኔፍራይተስ) የምንለው ይህ በሽታ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ወይም ቆዳን ካጠቃ በኋላ የሚከተል የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት ነው። ባክቴሪያው ራሱ ኩላሊት ውስጥ አልገባም። ሰውነት የሠራው አንቲቦዲ ከባክቴሪያው ስብርባሪ ጋር ተያይዞ ማጣሪያው ላይ ይቀመጥና ያስቆጣዋል። የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራ) ባዶ የሚወጣው፣ አንቲባዮቲክም ሽንቱን የማያጠራው ለዚህ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ብርቅ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ቢያንስ ሁለት መጠን ያለው የልጅ ካፍ (ግፊት ሲለካ ክንድ ላይ የሚታሰረው)
- ጊዜው ያላለፈበት የሽንት ስትሪፕ፣ ጠርሙሱ በደንብ የተከደነ
- ንጹህና ደረቅ የሽንት ዕቃ
- ሚዛን እና ቁመት መለኪያ
- የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ወይም ስልክ
- ሴንትሪፊውጅ እና ማይክሮስኮፕ

ካፍ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ከዝርዝሩ ውስጥ መቅረቱ ልጅ የሚገድለው እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን አውጡ

«ከዚህ በፊት ታሞ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «የለም፣ ደህና ነበር» ነው። እናት የልጅን የጉሮሮ ሕመም በሽታ ብላ አትቆጥረውም። እንዲህ ጠይቁ፦ «ቶንሲል ይዞት ነበር? መዋጥ አቅቶት ነበር? እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ወደ ባሕል ሐኪም ወስዳችሁት ነበር?» ቀጥሎ ስለ ቆዳ፦ «እከክ አለበት? እግሩ ላይ፣ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል ነበረው?» ከዚያ ልብሱን አስወልቁና ራሳችሁ እዩ። የደረቀ ቅርፊትና በቁስሉ ቦታ የቀረ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ እግር ላይ፣ ቂጥ ላይና በጣቶች መሐል ይገኛል። ሲያኩት የቆሰለ እከክ ለዚህ በሽታ በር ከፋች ነው፤ እከክ በተስፋፋበት ቀበሌ የምትሠሩ ከሆነ ያበጠ ልጅ ሁሉ ከልብሱ ወጥቶ ይታይ።

ቀኑን በቁጥር መናገር የማትችል እናት በበዓል ትነግራችኋለች። «ለሚካኤል ነው የጀመረው» ካለች 12 ነው። ዛሬ 24 ከሆነ 12 ቀን አለፈ ማለት ነው። ሙስሊም እናት በጁምዓ ወይም በጾሙ ትቆጥርላችኋለች፣ ገጠር ከሆነ በገበያ ቀን።

ያገኛችሁትን ቁጥር ከዚህ ጋር አስተያዩት፦

- ከጉሮሮ ሕመም በኋላ፦ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ በአማካይ 10 ቀን
- ከቆዳ ቁስል በኋላ፦ ከ3 እስከ 6 ሳምንት

ጉሮሮው በታመመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሽንቱ ከቀላ ታሪኩ አልገጠመም። ያ «አይጂኤ ኔፍሮፓቲ» የተባለው ሌላ የኩላሊት ማጣሪያ በሽታ ጸባይ ነው፤ ጉንፋኑና ቀይ ሽንቱ አብረው ይመጣሉ፣ በሌላ ጊዜ ጉንፋን ሲይዘውም ይመላለሳል።

ችግር ከገጠማችሁ፦ ቁስልም የጉሮሮ ሕመምም ፈጽሞ ካልተገኘ በሽታውን አትሰርዙ፤ ቀላል ኢንፌክሽን ሳይታወቅ ያልፋል። «ቀን አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ እብጠቱንና ሽንቱን በቤተሰቡ ቋንቋ ጠይቁ

እብጠቱ ጠዋት ዓይን ዙሪያ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት የመጣ ልጅ ያላበጠ ሊመስላችሁ ይችላል። እናትን «ፊቱ እንደ ወትሮው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ስልኳ ላይ የቆየ ፎቶ ካለም እንድታሳያችሁ አድርጉ። እሷ «ምች መትቶት ነው» የምትለውም፣ እኛ አለርጂ የምንለውም እብጠት ኤጂኤን ሊሆን ይችላል። አለርጂ ያሳክካል፣ ሽንትን ግን አያጠቁርም።

ስለ ሽንት ቀለም «ደም አለው?» አትበሉ። «ኮካ ይመስላል? የወፈረ ሻይ? ሥጋ የታጠበበት ውሃ?» በሉ፤ ወዲያው ይመልሱላችኋል። የረጋ ደም ከወጣ ወይም ደሙ የሚታየው በሽንቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ ምንጩ የኩላሊት ማጣሪያ ሳይሆን ከእሱ በታች ያለው የሽንት መስመር፣ ብዙ ጊዜም ፊኛ ነው። መካከለኛውንና ታችኛውን አዋሽ በመሳሰሉ የቆላ አካባቢዎች የኖረ ልጅ ከሆነ የሽንት ቢልሃርዚያን አስቡ።

መጠኑን ደግሞ ለኩ። ቤተሰቡ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይዞ የ24 ሰዓቱን ሽንት ያጠራቅም። ከግማሽ ሚሊ ሊትር በኪሎ በሰዓት በታች ከሆነ አንሷል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ በቀን 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ የፕላስቲኩ ግማሽ ካልደረሰ ለአስቸኳዩ ተዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ ግፊቱን በትክክል ለኩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

1. ልጁን ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ ለ5 ደቂቃ አስቀምጡት። እያለቀሰ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም።
2. የቀኝ ክንዱን ከልብስ አውጡና በልቡ ልክ አሳርፉት።
3. ካፉን ምረጡ፦ በውስጡ ያለው የሚነፋው ክፍል የክንዱን ዙሪያ ቢያንስ 80 በመቶ ይሸፍን፣ ስፋቱም የዙሪያውን 40 በመቶ ይሁን።
4. ለኩ። ከፍ ካለ ሁለቴ ደግማችሁ የኋለኞቹን ሁለት አማካይ ውሰዱ።
5. ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የተጠቀማችሁበትን ካፍ ካርዱ ላይ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠባብ ካፍ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሰፊ ካፍ ዝቅ ያደርጋል። የአዋቂ ካፍ በቀጭን ልጅ ክንድ ላይ አስራችሁ 120 በ80 ካገኛችሁ እውነተኛው ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሌላ ከሌለ ቁጥሩን «ቢያንስ ይህን ያህል» ብላችሁ አንብቡት።

ለትልቅ ሰው የለመድነው ቁጥር እዚህ ያሳስታል። ለሰባት ዓመት ልጅ 120 በ80 ጤናማ ሳይሆን ከፍተኛ ነው። ትክክለኛው ወሰን ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ሠንጠረዥ ይነበባል፤ ሠንጠረዡ እጃችሁ ላይ ከሌለ ግን ይህን ያዙ፦ በማንኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ 130 በ80 ከደረሰ ደም ግፊት አለው፣ 140 በ90 ከደረሰ ደግሞ ከባድ ነው።

ደረጃ 4፦ ሽንቱን በእጃችሁ ያዙ

ውጤቱን ከወረቀት ከማንበባችሁ በፊት ዕቃውን ወደ መስኮት ብርሃን አንሱና እዩት። ከተቻለ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት፣ ከመሐሉ የተቀዳ ይሁን። ስትሪፑን ነክራችሁ አውጡ፣ ጠርዙን መታ አድርጉ፣ አግድም ይዛችሁ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ሰከንድ አንብቡ። አምስት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ስትሪፕ ሁሉንም ነገር ፖዘቲቭ ያደርጋል።

የምትጠብቁት ደም ሁለት ወይም ሦስት ፕላስ፣ ፕሮቲን አንድ ወይም ሁለት ፕላስ፣ ናይትራይት (የባክቴሪያ ምልክት) ኔጋቲቭ ነው።

ካልገጠመ፦

- ሽንቱ ቀይ ሆኖ የደሙ ሳጥን ኔጋቲቭ ከሆነ፦ ሪፋምፒሲን ይወስዳል? ቀይ ሥር በልቷል? ቫይታሚን ሲ በብዛት ከወሰደም ደሙ ይደበቃል።
- ስትሪፑ ደም ብሎ ማይክሮስኮፑ ቀይ ሴል ካጣ፦ የፈረሰ ደም ወይም የጡንቻ ቀለም ነው። ወባንና ሌላ የቀይ ሴል መፍረስን ፈልጉ።
- ፕሮቲኑ ሦስት ወይም አራት ፕላስ ከሆነና እብጠቱ መላ ሰውነቱን ከያዘ፦ ኔፍሮቲክ ሲንድሮምን (ማጣሪያው ብዙ ፕሮቲን የሚያፈስበትን በሽታ) አስቡ፣ አልቡሚን እዘዙ። የሁለቱ ድብልቅም አለ፤ ያኔ ልጁ የባለሙያ ነው።

ደረጃ 5፦ ካስቱን ፈልጉ

ካስት በኩላሊት ቱቦ ውስጥ ተቀርጾ ከሽንት ጋር የሚወጣ ጥቃቅን በትር ነው። ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የላብራቶሪው ወረቀት ካስት የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ ይመጣል። ባዶ ማለት «የለም» አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ «አልተፈለገም» ነው። ቴክኒሺያኑ ጋ በእግራችሁ ሂዱና «ኤጂኤን ጠርጥሬያለሁ፣ አብረን እንይ» በሉት። ብዙ ቴክኒሺያን በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል።

1. ሽንቱ ከተሸና በ1 ሰዓት ውስጥ ይሠራ። ካስት በቆየ፣ በቀጠነና አልካላይን በሆነ ሽንት ይሟሟል።
2. 10 ሚሊ ሊትር በቱቦ፣ በደቂቃ ከ1500 እስከ 2000 ዙር፣ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ።
3. ከላይ ያለውን በአንድ ጊዜ ድፉ፤ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይቅር።
4. ቱቦውን በጣት መታ መታ አድርጉ። አትበጥብጡት፤ ካስት ይሰበራል።
5. አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከቨር ስሊፕ ከላይ።
6. ኮንደንሰሩን ዝቅ፣ ብርሃኑን ደብዘዝ አድርጉ። በደማቅ ብርሃን ካስት መስታወት ይመስላል፣ አይታይም።
7. መጀመሪያ በ10 ሌንስ የከቨር ስሊፑን ጠርዝ ዙሩ፤ ካስት ወደዚያ ይሰበሰባል። ያገኛችሁትን በ40 አጉሉ።

የቀይ ሴል ካስት ሁለት ጎኑ ትይዩ የሆነ አጭር በትር ነው፤ ቀለሙ ወደ ዝገት ያደላ፣ በውስጡ ክብ ክብ ሴሎች እንደ ባቄላ በቆዳው ውስጥ የተደረደሩበት። አንዴ ካያችሁት ሌላ ጊዜ አያመልጣችሁም። አንድ ብቻም ይበቃል፦ ደሙ ከማጣሪያው እንደመጣ ይመሰክራል። ከጎኑ ቅርጻቸው የተበላሸ፣ ጉብታ ያበቀሉ ቀይ ሴሎች ካሉ ያጠናክራል።

ነጭ ሴል ማየታችሁ አያታልላችሁ። የተቆጣ ማጣሪያ ነጭ ሴልም ያፈሳል። እኔን የጣለኝ ይኸው «ፐስ ሴል» የሚለው ቃል ነው። ልጁ ሲሸና ካላቃጠለው፣ ትኩሳት ከሌለውና ናይትራይቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ኢንፌክሽን ብላችሁ አትዝጉት።

ካስት ካጣችሁ፦ በማግስቱ ጠዋት ትኩስ ሽንት ደግማችሁ እዩ። ሁለቴ አለመገኘቱ በሽታውን አይሰርዝም፤ ቀኑ፣ ግፊቱና ስትሪፑ ከገጠሙ ቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ ክሬአቲኒንና ፖታሺየም

ክሬአቲኒን ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው። ወረቀቱ ላይ ከጎኑ የሚታተመው «ኖርማል» ብዙ ጊዜ የአዋቂ ነው። የኩላሊቱን የማጣራት አቅም በእጅ አስሉ፦ 0.413 በቁመቱ በሴንቲሜትር ተባዝቶ በክሬአቲኒኑ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይካፈል። ቁመቱ 115 የሆነ ልጅ ክሬአቲኒኑ 1.2 ቢሆን ወረቀቱ «ደህና» ይላል። ስሌቱ 40 ያህል ይሰጣል፤ ጤናማው ከ90 በላይ ነው። ከግማሽ በላይ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ቁጥሩ ገና እየጨመረ ከሆነ ደግሞ እውነታው ከ40ም ያነሰ ነው፤ ስሌቱ የሚታመነው ክሬአቲኒኑ ሲረጋ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ድገሙት።

ፖታሺየም ከ6 በላይ ከመጣ ደሙ ቱቦ ውስጥ ፈርሶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ግን መልሱን እየጠበቃችሁ ኢሲጂ አንሡ። ሙሉ የደም ቆጠራም እዘዙ፤ ፕላትሌት ከወረደና ከዚያ በፊት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከነበረ በሽታው ሌላ ነው፣ ወዲያው ሪፈር።

ደረጃ 7፦ ሲ3 እና ኤኤስኦ

ሲ3 እና ሲ4 በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኤኤስኦ ደግሞ ለስትሬፕቶኮከስ የተሠራ አንቲቦዲ ነው። የሚጠቅመው ሲ3 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአብዛኞቹ ታማሚዎች ይወርዳል፣ ሲ4 ግን ባብዛኛው እንዳለ ይቆያል። ሁለቱም ከወረዱ፣ በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ባለች ልጅ ላይ፣ ሉፐስን (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበትን በሽታ) አስቡ። ሲ3 ጤናማ ከሆነ አይጂኤ ኔፍሮፓቲንና ሌሎችን ተመልከቱ። ናሙናው ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ሴረሙ ቶሎ ተለይቶ በቅዝቃዜ ይጓዝ፤ ሙቀት ላይ የቆየ ናሙና የሲ3ን ውጤት ያሳስታል።

ኤኤስኦን ከሚገባው በላይ እናከብራለን። ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ በቅርቡ ስትሬፕቶኮከስ እንዳገኘው ብቻ ይናገራል፤ ኩላሊቱ ደህና በሆነ የትምህርት ቤት ልጅ ላይም ይገኛል። ከቆዳ ቁስል በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ለእሱ የተሻለው አንቲ ዲኤንኤዝ ቢ የተባለው ሌላው የአንቲቦዲ ምርመራ ነው። ቶሎ የተጀመረ አንቲባዮቲክም ያዳክመዋል። «ኤኤስኦ ኔጋቲቭ ነው» ብሎ ቁስል በቁስል የሆነን ልጅ ወደ ቤቱ የሸኘ ሰው አውቃለሁ።

ሁለቱም ካልተገኙ ልጁን አታቆዩ። ቀን፣ ግፊትና ትኩስ ሽንት ሥራ ለመጀመር ይበቃሉ።

ደረጃ 8፦ አስቸኳይ ሲሆን

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ምርመራውን አቋርጡና ሪፈር አዘጋጁ፦

- መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብዥታ
- ትንፋሽ ማጠር፣ ተንጋሎ መተኛት አለመቻል
- ሽንት መቆም ወይም በደረጃ 2 ከተባለው ማነስ
- ግፊት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ
- ፖታሺየም ከ6 በላይ፣ ወይም ክሬአቲኒን በየቀኑ መጨመር

ልጁን ቀና አድርጉት፣ ኦክስጅን ስጡት፣ ሽንት የሚያስወጣውን ፉሮሴማይድ 1 ሚሊግራም በኪሎ በደም ሥር ስጡ። ከተንቀጠቀጠ ዳያዜፓም በጤና ተቋማችሁ ፕሮቶኮል መሠረት፤ መንቀጥቀጡን ያመጣው ግፊቱ ስለሆነ ግን ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒትም ያስፈልገዋል። በአንድ ጊዜ ወደ ጤናማ ቁጥር አታውርዱት፤ ተቀባዩን ሐኪም በስልክ ይዛችሁ ሥሩ።

አታድርጉ፦ ሽንቱ አንሷል ብላችሁ ግሉኮስ ወይም ሳላይን አትክፈቱ። ልጁ ውሃ አላነሰውም፤ ውሃው መውጫ አጥቷል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ጄንታሚሲን ይቅሩ። የግፊት መድኃኒቱ ካፕቶፕሪል ፖታሺየምን ይጨምራል፤ ያለ ባለሙያ አትጀምሩ። ፕሬድኒሶሎንም «ፊቱ ስላበጠ» አይሰጥም።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ ክብደት፣ ግፊት ከነሰዓቱ፣ የሽንት መጠን፣ ክሬአቲኒን፣ የተሰጠው መድኃኒትና የጉሮሮው ወይም የቁስሉ ቀን ይጻፍ።

አዋቂ ሲሆን

ለአዋቂ ይህን መንገድ እንዳለ አትቅዱ። በአዋቂ፣ በተለይ ስኳር ባለበት ሰው፣ ኢንፌክሽኑ አልፎ ሳይሆን ገና እያለ ኩላሊቱ ይቆጣል፤ ምንጩም ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ነው። የእግር ቁስል፣ መግል የቋጠረ ቦታ ፈልጉ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪ ይመርመር። በሩማቲክ የልብ በሽታ የሚታወቅ ሰው ትኩሳትና ቀይ ሽንት ይዞ ከመጣ ደግሞ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ጀምሩ፦ ከተለያየ ቦታ ሦስት የደም ካልቸር፣ ከአንቲባዮቲክ በፊት።

ደረጃ 9፦ በቀጠሮ አረጋግጡ

የመጨረሻው ማረጋገጫ የበሽታው አካሄድ ነው። ሽንት በአንድ ሳምንት ገደማ መብዛት ይጀምራል፣ እብጠቱም ይጎድላል። በዓይን የሚታየው ቀይ ቀለም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠራል። ሲ3 ከ6 እስከ 8 ሳምንት ወደ ቦታው ይመለሳል። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም ግን ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ለእሱ ብቻ ብላችሁ ቤተሰቡን አታስደንግጡ።

ለኩላሊት ሐኪም ላኩ፦ ክሬአቲኒን መጨመሩን ካላቆመ፣ ከባድ ፕሮቲን ካልቀነሰ፣ ሲ3 ከ8 ሳምንት በኋላም ዝቅ ካለ፣ ወይም ሽንቱ ጠርቶ ከጉንፋን ጋር ተመልሶ ከቀላ። እንዲህ ያለው ልጅ ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ ቁራጭ ተወስዶ መመርመር) ሊያስፈልገው ይችላል።

ደረጃ 10፦ እቤት የቀሩትን አስመጡ

እከክም የጉሮሮ ኢንፌክሽንም አንድ ልጅ ላይ አይቆምም። ወንድምና እህቶቹ ይምጡ፤ ቆዳቸው ይታይ፣ ግፊታቸው ይለካ፣ ሽንታቸው በስትሪፕ ይፈተሽ። እከክ ከተገኘ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይታከም፣ ልብስና ብርድ ልብስ ይታጠብ።

የዚያ የሰባት ዓመት ልጅ እናት ለቀጠሮ ስትመጣ የአራት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ ነበር። «እሷ ምንም የላትም፣ ለብቻዋ እንዳልተዋት ነው» አለችኝ። ጣቶቿ መሐል ቅርፊት ነበር። ሽንቷ ሲታይ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ስትሪፑን ነከርኩ፣ ስልኬን አይቼ ስልሳ ቆጠርኩ። ሁለት ፕላስ ደም። ካፉን አነሳሁ።